ቅቤ የተቀባው ሳጥን

እኔ ዲላ ውስጥ ድምጽ አከራይ ነኝ። ሠርግ የደገሰ፣ ልጁን ያስመረቀ፣ ጉባኤ የጠራ ሁሉ ሞንታርቦና ማይክ ሲፈልግ እኔ ዘንድ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሴት ልጅ ሽቦ ስትጎትት አይቶ የሚሳለቅ አይጠፋም ነበር። እኔ ደግሞ ሰምቶ ማለፍ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንዱን ሚዜ "በል ና፣ አንተ ሞክረው!" ብዬ ሽቦውን ሁሉ አስታቅፌው ሙሽሮቹ እስኪገቡ ድረስ አስቁሜዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚስቅብኝ የለም። በሌላም ነገር እታወቃለሁ፤ በተስማማንበት ሰዓት ቁርጥ አድርጌ አጠፋለሁ። ሙሽራው ጭፈራ መሃል ይሁን፣ ሰባኪው "በመጨረሻም" ብሎ ሦስተኛውን መጨረሻ ይጀምር፣ ለእኔ ሰዓት ሰዓት ነው። "እሷን ከመለመን ድንጋይ መለመን ይሻላል" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ይህን ሥራ ከየት ተማርሽው ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፤ ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ባለችው ቡሌ፣ አክስቴ ቤት፣ ከአንድ የእንጨት ሳጥን ኋላ ተቀምጬ። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ስላረፈች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እኔም እማ ነው የምላት።

ሳጥኑ ድምጽ ማጉያ ነው። የዛሬ ሰው ሬዲዮና ድምጽ ማጉያ መንታ ሆነው የተወለዱ ይመስለዋል። በመጀመሪያው የሬዲዮ ዘመን ግን ሬዲዮው ለብቻው፣ ድምጽ ማጉያው ለብቻው ነበር፤ ያውም እንደ ክቡር እንግዳ ሳሎን ላይ የሚቀመጥ ዕቃ። የእኛው ቁመቱ ከጉልበት ከፍ ይላል። አናቱ ለጥ ያለ ነው፤ እግሮቹ የአንበሳ መዳፍ ሆነው ተቀርጸዋል። ፊቱ ላይ የወይን ሐረግ ይጠመዘዛል፣ በሐረጉ መሃል ጅራቷን የዘረጋች ወፍ አለች። በላባዎቿ መካከል እንጨቱ ክፍት ነው፤ ድምጹ የሚወጣው በዚያ ነው። ልጅ ሆኜ የምትናገረው ወፏ ትመስለኝ ነበር። ዜና ስታነብ ድምጿ የወንድ መሆኑ ብቻ ትንሽ ያሳስበኝ ነበር።

የአክስቴ ባል በወጣትነቱ ዲላ ላይ ለአንድ ግሪካዊ ቡና ነጋዴ ቡና ይመዝን ነበር። ግሪኩ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ "ይህን አንተ ውሰደው፣ ሌላ ሰው ያነድደዋል" ብሎ ሰጠው። ያኔም አሮጌ ነበር። ባልየው በበቅሎ ጭኖ ቡሌ አወጣውና በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ ሬዲዮ ጋር አገናኘው። ማታ ማታ መንደሩ እኛ ቤት ይሞላል። የእኔ ድርሻ ከሳጥኑ ኋላ ቁጭ ብዬ የሚላቀቀውን ሽቦ በጣቴ ጭኜ መያዝ ነበር። እማ ይህን ሥራ የሰጠችኝ ከመዝሙር ልታርቀኝም ጭምር ነው። ድምጼ ለጠላት አይስጥ የሚባለው ዓይነት ነው። እሷ አማርኛ ስትናገር ወንዱም ሴቱም "አንተ" ነው፤ እናም "አንተ አትዘምር፣ ሽቦህን ያዝ!" ትለኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ይዣለሁ።

ባሏም አረፈ፣ ሬዲዮውም ሞተ፤ ሳጥኑ ግን ቀረ። እማ ቅቤ ትቀባዋለች። እንዴት መሰላችሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ የእኔን ፀጉር ትቀባለች፣ ቀጥላ የራሷን፤ መዳፏ ላይ የቀረውን ደግሞ ሳጥኑ ላይ ትጨርሰዋለች። "እንጨትም ይጠማዋል" ትላለች። እኔ አድጌ ከቤት ስወጣ የእኔም ድርሻ ለእሱ ተጨመረለት። ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ እንደ ሙሽራ ግንባር ያበራል። ሽታው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ በሩን ሳትከፍቱት ነው የሚቀበላችሁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የቡሌ ቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ሳይገባበት በፊት መዝሙር የሚነሣው በሰው ነበር። አንድ ሰው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አውጪዋ እማ ነበረች። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በጌዴኡፋ ስታወጣ ከታች መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው እርምጃውን ያዘገያል ይባልላት ነበር። ሌላ ሹመት አልነበራትም፤ ሌላም አትፈልግም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጆሮዋ ከዳት። አንድ እሁድ አወጣች፣ ሕዝቡም ተቀበለ። እሷ ግን ሕዝቡ ተቀብሎ ሳይጨርስ ያንኑ ስንኝ መልሳ አወጣች። ተጋጩ። አሁንም ደገመችው። ከኋላ ወጣቶቹ ሳቁ። ሳቁን አልሰማችም፤ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ግን አየች። ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ለመዝሙር ተነሥታ አታውቅም። ለምን ተውሽ ብዬ ጆሮዋ ሥር ስጮህባት "የሚቀበለኝ የለም" አለችኝ። እኔ ኩርፊያ መሰለኝ። ወጣቱ ኪቦርድ ስለወደደ ተቀይማ ነው አልኩ።

ዲላ አምጥቼ አስመርምሬያታለሁ። የጆሮ መሣሪያም ተሰጥቷት ነበር። "ጆሮዬ ውስጥ ትንኝ አስገባችሁብኝ!" ብላ አውልቃ በመሐረብ ቋጠረችው፤ አሁንም እንደተቋጠረ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ተዋት። ለቅሶ ቤትም ድግስም አጠገቧ ተቀምጠው በላይዋ ላይ ያወራሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ደግሞ ጭራሽ አገር ስለለቀቀ "እሷማ አበቃላት" ሲሉ እንኳ ድምጻቸውን ዝቅ አያደርጉም። እኔ እሰማለሁ። ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ዓመት የቡና ለቀማው አልቆ የሠርጉ ሩጫ ሳይጀምር ልጠይቃት ወጣሁ። ቅዳሜ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ የመዘምራን መዝሙር ከፍቼ፣ ሌላ ማስቀመጫ አጥቼ ሳጥኑ አናት ላይ አደረግሁትና ቆጮ መቁረስ ያዝኩ። እማ ፀጉሯን ጨርሳ በመዳፏ ሳጥኑን ታሻለች። ድንገት እጇ ቆመ።

"ዝም በል!" አለችኝ በአማርኛ።

"ኧረ አልተናገርኩም!"

ጎንበስ አለችና ጉንጯን ከነአጥንቱ እንጨቱ ላይ ለጠፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ያውም ከስልኩ መዝሙር ጋር እኩል፣ አንዲት ቃና ሳታዛንፍ። የቆረስኩት ቆጮ ከእጄ ወደቀ። ነገሩን ኋላ ዲላ ጠይቄ ተረዳሁ፤ አንዳንድ ጆሮ በአየር የሚመጣውን ድምጽ አያሳልፍም እንጂ በአጥንት በኩል የሚመጣውን ይቀበላል አሉኝ። ያን ዕለት ግን ሳይንሱን ማን ጠይቆት! ተንደርድሬ አፌን ከሳጥኑ ጀርባ ላይ ደቅኜ ጮህኩ፤

"እማ! የምስጋና እሁድ መዝሙሩን አንቺ ነሽ የምታወጪው!"

የምስጋና እሁድ እህል ከገባ በኋላ ሁሉም ካመረተው ይዞ የሚመጣበት ቀን ነው፤ ትልቁ መዝሙር የሚወጣውም ያን ዕለት ነው። ጉንጯን ሳታነሣ ትንሽ አሰበች።

"ተቀባይስ?" አለች።

"ሕዝቡ ሞልቶ!" አልኳት። እያመነታች እሺ አለችና ሳጥኑን ማሸቷን ቀጠለች።

በነጋታው ሳጥኑን ለማሠራት በሚኒባስ ወደ ዲላ ይዤው ወረድኩ። በነጠላ ጠቅልዬ ለእሱም ወንበር ያዝኩለት። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሕፃን ነው?" አሉኝ። "ኧረ አባቴ፣ ድምጽ ማጉያ ነው!" ብዬ ገለጥ ሳደርገው ሽታው ወጣ። ከኋላ አንዱ "ድምጽ ማጉያው ክትፎ በልቷል እንዴ?" አለ። እስከ ዲላ ሲሳሳቅብኝ ወረደ፤ ሳቁ እኔንም ያዘኝ።

ገበያው ዳር ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ለሃያ ዓመት ዕቃዬን ሲያክም የኖረ ወዳጄ ነው። የሳጥኑን ጀርባ ሲከፍት እሱም እኔም ወደ ኋላ አልን። ቅቤው ወደ ውስጥ ሲንጠባጠብ ኖሮ ወርቃማውን ጨርቅ አበስብሶታል፤ በሽታው የተጠሩ አይጦች ደግሞ ድምጽ የሚያወጣውን ክፍል በልተው ጎጆ ሠርተውበታል።

"ይህ ድምጽ ማጉያ አይደለም፣ ሆቴል ነው" አለኝ።

"ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

"እንጨቱ አንድ ስንጥቅ የለውም። ነቀዝም አልደፈረውም። የዚህ ዓይነት ሌላ አሮጌ ሳጥን አምጪ ብልሽ በእጄ ላይ ይፈርሳል። ቅቤው ሆዱን አጠፋ፣ አካሉን አዳነ።"

አዲስ ስፒከር አስገባለት። ጨርቁን ቀየረ። ቅቤውን በነዳጅ ልጠበው ሲለኝ እንዳትነካው አልኩት፤ እማ ትገድለኛለች። ሞክሮ ሲያጫውተው ድምጹ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ ከወለሉ ጋር ይነዝራል። መዳፌን ሳጥኑ ላይ ሳሳርፍ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከምስጋናው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሳጥኑን መልሼ ቡሌ አወጣሁትና ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መድረኩ ሥር፣ ከእማ አግዳሚ አጠገብ ተከልኩት። ሽቦ ስዘረጋ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ገቡ። ጠንካራ ሰው ናቸው፤ እማና እሳቸው በአንድ ቀን ነው የተጠመቁት። ሳጥኑን ዞሩት። አሸተቱት። ወፏን አዩ።

"ይህ አይገባም" አሉ።

"ለምን ጋሼ?"

"ልጄ፣ ወንጌል እኛን ከምን እንዳወጣን አንቺ አላየሽም። እኛ ልጆች ሳለን ዛፍ ቅቤ እየተቀባ ይሰገድለት ነበር። ዛሬ ደግሞ ወፍ የተቀረጸበት፣ ቅቤ የጠጣ እንጨት መድረክ ሥር ላኑር? ሰው ምን ይላል?"

ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ፍርሃታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዝም ልል ነበር። ግን እኔ ነኝና አመለጠኝ፤ "ሞንታርቦውስ እንጨት አይደለም? ጥቁር ቀለም ሲቀባ አማኝ፣ ቅቤ ሲቀባ ጣዖት?" ለነገው ስትለማመድ የነበረችው ኪቦርድ ተጫዋች ልጅ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ፤ ነገሬን ሁሉ በአንድ አፍ ያበላሸሁት መሰለኝ። የምስጋናው ቀን ነገ ነው። ዛሬ አይገባም ከተባለ እማ ዳግመኛ እሺ አትልም።

አብራኝ የመጣችው እማ አግዳሚው ላይ ሆና አንዴ የእሳቸውን፣ አንዴ የእኔን ከንፈር ስታይ ቆይታ "ምን አለ?" አለች።

ጆሮዋ ሥር ሄጄ "ጣዖት ነው ይላሉ! በቅቤው ምክንያት!" ብዬ ጮህኩ።

እማ ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሻሿን ፈታች። ጠዋት የተቀባችው ቅቤ ሽበቷ ላይ ያብለጨልጫል። "ይኸውና ይህም ቅቤ ነው" አለች በጌዴኡፋ። "ከአንድ ቅል ነው የተቀባነው። እሱን ካስወጣህ እኔንም አውጣኛ!"

ሽማግሌው ሽበቷንም ሳጥኑንም አዩ። "እስቲ" አሉ፣ "ከውስጡ ምን እንደሚወጣ ልስማ።" ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ከሳጥኑ አስጠጉ። ልጅቷ ኪቦርዱን ቀስ አድርጋ ነካችው። እኔ ቀና ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ልጅቷ አንድ መዝሙር ጨረሰች፤ እሳቸው አሁንም ጎንበስ እንዳሉ ናቸው። ለካስ ስብሰባ ላይ ያለቦታው "አሜን" ሲሉ ሰው ጸሎት በዛባቸው እያለ የሚያልፋቸው በከንቱ ነው! እሳቸውንም እንደ እማ ጆሯቸው እየከዳቸው ነው፤ አልተናገሩም እንጂ።

ቀና ሲሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንጨቱ እንጨት ነው" አሉ። "ወፏ ግን በነጠላ ትሸፈን።" እሺ አልኩ። ለወፏ የእማን ነጠላ አለበስናት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የገብስ ነዶው፣ የእንሰት ኮባው፣ ማሩ፣ ከቆላ የመጣው ቡና ሳይቀር መድረኩ ሥር ተከምሯል። እኔ ድምጾቹን የማስተካክልበት ሚክሰሬ ላይ ነኝ። የኪቦርዱን ድምጽ ወደ ሳጥኑ ላክሁት። እማ ማይኩን ይዛ፣ ጉንጯን ሳጥኑ አናት ላይ አሳርፋ፣ ተንበርክካለች። ቃናውን ያዘችና አወጣች።

ምን ልበላችሁ! ድምጿ አልዛገም። ያ የድሮው ድምጽ ከነግርማው ወጣ። አሮጊቶቹ እልል አሉ። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተቀበለ፤ ቆርቆሮው ጮኸ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ እጄን ወደ ላይ ወረወርኩ። ያን ጊዜ እማ ያንኑ ስንኝ መልሳ አወጣች። ሕዝቡ ገና እየተቀበለ። ተጋጩ።

ልክ እንደዚያ ቀን። ሕዝቡ ግራ ተጋብቶ መዝሙሩን አቋረጠ። እማ ጉንጯ እንጨቱ ላይ እንዳለ ጠበቀች፤ ፊቷ ሲጨልም አየሁት። ኋላ ያሉት ወጣቶች እርስ በርስ ተያዩ። ማይኩን ልታስቀምጥ እጇን ስትዘረጋ ያ ቃሏ መጣብኝ፤ የሚቀበለኝ የለም። ኩርፊያ አልነበረም! ያለችው ልክ የምትሰማውን ነው። አውጪ ሰው ቃናውን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ መልሱን ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ማይክ ሁሉ ወደ መድረክ ሳዞር የኖርኩ ሰው፣ ለእሷም ኪቦርዱን ብቻ ልኬ ሕዝቡን ከሳጥኑ ውጪ ትቼዋለሁ።

የሰባኪውን ማይክ ከነማቆሚያው ነጥቄ ወደ ሕዝቡ አዞርኩት። ወደ ሞንታርቦው ብልከው እሪ ይል ነበር፤ ለሳጥኑ ብቻ ላክሁት። ሮጬ የእማን ትከሻ ያዝኩና "አንዴ! አንዴ ብቻ!" አልኳት። አልሰማችም፤ ዓይኔን ግን አየች። ጉንጯን መለሰች። አወጣች።

ሕዝቡ ተቀበለ።

ነጠላው ወፏ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እማ ዓይኗ ተበለጠጠ። ከዚያ በማይኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እየሰማ፣ "ለካ አላቆማችሁም!" አለች። "እኔ እኮ ትታችሁኝ መስሎኝ! ለካ ስትቀበሉ ነው የኖራችሁት!"

እልልታው ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። እማ ቀጣዩን አወጣች። እንባዋ እንጨቱ ላይ እየወረደ አወጣች፣ ተቀበሉ፤ አወጣች፣ ተቀበሉ። መሃል ላይ ነጠላውን ከወፏ ላይ ገፈፈችና ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ሽማግሌውን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ሊቆጡ ነው ብዬ። የት ሊቆጡ! በሌላው ጎን ተንበርክከው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስደግፈው "አሜን" ይላሉ፤ ያውም በቦታው።

ሰባኪው ከመድረክ ሰዓታቸውን እያሳዩ ጠቀሱኝ። የመዝሙሩ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ ስብከቱ ገና አልተጀመረም። ወደ ሚክሰሬ ተመልሻለሁ፤ ማጥፊያው እጄ ሥር ነው። እኔ፣ ሙሽራ ያልራራሁለት ሰው፣ እጄን ከማጥፊያው አነሣሁና ወደ ሕዝቡ ባዞርኩት ማይክ አጠገብ ቆሜ ከልጅነቴ ጀምሮ የተከለከልኩትን አደረግሁ። ተቀበልኩ። በሙሉ ጉሮሮዬ።

እማ በድንገት አቆመች። ጉንጯን ሳታነሣ በዓይኗ ፈለገችኝ፤ አገኘችኝ።

"አንተ!" አለች በማይኩ፣ በአማርኛ። "አሁንም ቃና አታውቅም!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁንም ሰማችው፤ አብራቸው ሳቀች።